የሊሙ ሽቦ ቀማሾች

ሽቦ ሲቃጠል ምን ምን እንደሚል የሚያውቅ ከመካከላችሁ ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ? የለም። እኔ ግን አውቃለሁ። ቀዩ ፕላስቲክ የከረመ ጎማ ጎማ ይላል። ጥቁሩ ምላስ ላይ ተለጥፎ እስከ ማግስቱ አይለቅም። ጨርቅ ለበሱ ደግሞ ካውያ እንደቆየበት ሸሚዝ ነው፤ ክፉ አይደለም። ይህን በወሬ አልሰማሁም። በሲኒ ቀድቼ፣ ጨው ነስንሼ ጠጥቼው ነው። ወላሂ! የልጅ ልጆቼ ይህን ስነግራቸው መሬት ላይ ወድቀው ይስቃሉ። ይሳቁ። እነሱ ስልክ ሲደውሉ ሽቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ አስበው አያውቁም፤ እኔ ግን በሆዴ ተስቤ አልፌበታለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላውራችሁ። በደርግ ጊዜ ነው። ሊሙ ገነት የቡና አምራቾች ማኅበር ነበረን፤ ለማኅበሩም የቡና ማድረቂያ ቤት ተሠራለት። ማድረቂያ ቤት እኮ ነው የምላችሁ! ከዚያ በፊት የታጠበ ቡናችንን በእንጨት አልጋ ላይ ለፀሐይ እናሰጣ ነበር። ፀሐይ ደግሞ የማኅበሩ አባል አይደለችም፤ ስብሰባ ተብላ ብትጠራም አትመጣም። አንድ ዓመት በበጋው ዝናብ ወርዶ ወርዶ የሁላችንም ቡና አልጋው ላይ እንዳለ ሻገተ። ከጅማ ቡና ቀማሽ መጣ። ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ ጸጉሩን የተላጨ፣ ፈገግታ የሚያልቅበት የሚመስለው ሰው ነው። የእያንዳንዱን ሰው ቡና እያስፈላ በማንኪያ ፍርርርጥ አድርጎ ይስባል፤ ከዚያ ቆርቆሮ ውስጥ እንትፍ ይላል። የባለቤቴ የዘሀራ ተራ ደረሰ። ሳበ። ተፋ። "ሻጋታ" አለ።

እኔ ለዘሀራ ነግሬያታለሁ። ቀማሽ ጥሩውንም መጥፎውንም ይተፋል፣ ሥራው ነው፣ ሁሉን ቢውጥ ሆዱ ይፈነዳል ብያታለሁ። ማን ይስማኝ! "በሰው ፊት ቡናዬን ተፋው" ነው የምትለው። ጠዋት ይህ ነው፤ ማታ ይህ ነው። የጓሮዋን ቡና በእጇ ኮትኩታ ነው ያሳደገችው፤ እኔ እንኳ ሳላስፈቅዳት እዚያ አልገባም። እና አንድ ቀን ቀና ብላ፣ "ዘንድሮ ይውጠዋል" አለች። "ካልዋጠው እኔ የአባቴ ልጅ አይደለሁም።"

እንግዲህ ማድረቂያ ቤቱን ዓይናችሁ ላይ ላምጣላችሁ። ረጅም ቤት ነው። በአንዱ ጫፍ ምድጃ አለ፤ የቡና ገለባ ይነድበታል። ከምድጃው አጠገብ በሞተር የሚዞር ትልቅ ማራገቢያ አለ። በሌላው ጫፍ አዳራሹ ነው፤ ወለሉ እንደ ወንፊት የተበሳ ላሜራ ነው፤ ቡናው የሚሰጣው እዚያ ላይ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ደግሞ ከወለሉ ሥር ሰው ተንበርክኮ የሚያልፍበት ዋሻ አለ። ማራገቢያው ሙቅ ነፋሱን ወደ ዋሻው ይገፋዋል፤ ነፋሱ በዋሻው ሄዶ በላሜራው ቀዳዳ ሽቅብ ወደ ቡናው ይወጣል። ብልህ ነገር! እኔ የመጀመሪያ ቀን ላሜራው ላይ ቆሜ ነፋሱ ሽርጤን እንደ ጃንጥላ ሲነፋው ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ችግሩ አንድ ነው። ነፋሱ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ቡናው ይበስላል። ያኔ ምድጃው ጋ ላለው ሰው "ቀንስ!" ማለት ያስፈልጋል። ምድጃው ጋ ያለው ሄራሞ ነው፤ ከከምባታ የመጣ፣ ጠንካራ፣ ትሁት ሰው። ግን ሞተሩ ሲጮህ ጆሮው ሥር ጥይት ብትተኩስ አይሰማም። ሰው ልከን፣ ሰውየው ቤቱን ዞሮ፣ በር አንኳኩቶ፣ ሄራሞ እስኪከፍት ድረስ ቡናው ቆሎ ይሆናል። ስለዚህ ማኅበሩ ከሠራዊት የተረፉ፣ እጀታቸው የሚሽከረከር ሁለት ስልኮች አገኘ። አንዱን አዳራሹ ውስጥ፣ አንዱን ሄራሞ ጋ ማድረግ ነው። በመካከላቸው ሽቦ መዘርጋት ብቻ ቀረ። ብቻ!

ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበራችን ንግግር የሚወድ ሰው ነው፤ ሲቀመጥ እንኳ የቆመ ይመስላል። "ሽቦው በየት ይለፍ?" ብሎ ጠየቀ። በጣሪያ እንዳይሆን ጦጣ ይበጥሰዋል። በግድግዳው እንዳንል፣ ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ መፈክር ተጽፎበታል፤ እያንዳንዱ ፊደል የሰው ቁመት ያህላል። እኔ ራሴ በመሠረተ ትምህርት ማንበብ የለመድኩት በዚያ ግድግዳ ነው።

"መፈክሩ ላይ ምስማር የሚመታ ጓድ አለ?" አለ ሊቀመንበሩ። "ካለ እጁን ያውጣ።"

ጉድ ነው! ማን እጁን ያወጣል? እጁ የሚያሳክከው ሰው እንኳ እጁን ብብቱ ውስጥ ደበቀ። ስለዚህ ሽቦው በነፋሱ ዋሻ ውስጥ እንዲያልፍ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ሥራውን ለኑሩ ሰጡት። ኑሩ የጅማ ልጅ ነው፤ ቤቱ ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ ሱቁ ገበያው ዳር፣ ሬዲዮና ካውያ ይጠግናል። መጣ፣ ዋሻውን በባትሪ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"አባ፣ እዚህ የሚገባው ሽቦ እንደማንኛውም ሽቦ አይደለም" አለኝ። "ነፋስ የሚሄድበት ቦታ ነው። እግዜር አያድርገውና ቢቃጠል፣ እሳቱ ይሮጣል፤ ጭሱ ደግሞ ሌላ መውጫ የለውም፣ ሁሉም በቡናው ውስጥ ነው የሚወጣው። መምረጥ አለብን።"

ይህን ስሰማ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ቡና ሽታ ይሰርቃል እኮ! ከላምባ አጠገብ ብታስቀምጠው ላምባ ይሆናል፤ ከሳሙና ጋር ብታስቀምጠው ለመታጠቢያ ነው። በሊሙ ደግሞ ከእኔ የተሻለ አፍንጫና ምላስ ያለው የለም፤ ይህን ጠላቴም አይክደውም። ስለዚህ ሽቦ መራጭ ኮሚቴ ሲቋቋም እኔን፣ ኑሩንና ሄራሞን መረጡ። ሄራሞ ከምድጃው መለየት ስለማይችል በሐሳብ ይሳተፍ ተባለ።

ለዘሀራ ነገርኳት። የመጀመሪያው ዕጣ ለእሷ ወጥቷል፤ ማድረቂያው ላይ መጀመሪያ የሚሰጣው የእሷ ቡና ነው። ሥራዋን ትታ አየችኝ።

"ሽቦውን የምትመርጠው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ኡፋ! እንግዲያው ስማኝ። ቡናዬ ሽታ ከነካትና ያ ሰውዬ ደግሞ ከተፋት፣ ማደሪያህን ሄራሞ ጋ አድርግ። ምድጃ አለው፤ አይበርድህም።"

ቀልድ መሰላችሁ? ዘሀራ ቀልዳ አታውቅም።

ከኑሩ ጋር ጅማ ወርደን ያላየነው ሽቦ የለም። ቀይ፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ቀጭን። ከጣሊያን ጊዜ ቤት ግድግዳ የወጣ ጨርቅ ለበስ ሽቦ ደግሞ ኑሩ ጋ በጥቅል ነበር፤ ጨርቁ የተጠለፈ፣ በዘይት የታሸ፣ ሲያዩት ደስ የሚል። ከዳቦ ቤት ምድጃ የተፈታ ነጭ ሽቦም አሳየኝ፤ የመስታወት ክር ነው የለበሰው አለኝ። ክብሪት ጭሬ ሥሩ ያዝኩበት። ምንም! አይነድ፣ አይጨስ፣ ዝም ብሎ ያየኛል። "ይኸው ነው የሚፈለገው" አለ ኑሩ። "ግን ጅማ ውስጥ ያለው ይህችው ክንድ የማትሞላ ናት።" ከሁሉም ቁራጭ ቁራጭ ያዝኩና በጭነት መኪና ወደ ሊሙ ተመለስን።

ኬላ ላይ ሚሊሺያው ከረጢቴን ዘረገፈው። ጊዜው ደግሞ ሰው በጥላው የሚጠረጠርበት ነው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሽቦ።"

"ክብሪቱስ?"

"ሽቦውን የማቃጥልበት።"

"ጥሬ ቡናውስ?"

"የተቃጠለውን ሽቦ የማጣጥምበት።"

ሚሊሺያው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። "ጃርሳ፣ አንቱ ሽማግሌ፣ ከማን ጋር ነው የሚሠሩት?"

"ከኮሚቴ ጋር።"

"የምን ኮሚቴ?"

"ሽቦ መራጭ።"

ኑሩ በአማርኛ ሊያስረዳ ሞከረ፣ በኦሮምኛ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ሲያስረዳ ነገሩ ይብስ ጀመር። በመጨረሻ ሚሊሺያው "እንግዲያው እዚሁ አቃጥሉና አሳዩኝ" አለ። ጥቁሩን ለኮስንለት። አፍንጫውን አስጠጋ። አንዴ አስነጠሰ፣ ደገመ፣ ኮፍያው ወደቀ። ይህን ጊዜ ተሳፋሪው ሁሉ ከመኪናው ወርዶ ከበበን። አንዷ ዶሮ የያዘች እናት ቀዩ ይሻላል አለች፤ አንድ ነጋዴ ጥቁሩ ይበረታል አለ፤ ሾፌሩ ሁለቱንም ሰደበ። ክርክሩ ጦፈ! ሚሊሺያው እንባውን እየጠረገ፣ "ሂዱልኝ አቦ! የሚያፈነዳ ሰው እንዲህ አይጨቃጨቅም" ብሎ ገመዱን አነሣልን።

በማግሥቱ ግቢዬ ውስጥ ምርጫው ተጀመረ። የእኔ ዘዴ እንዲህ ነው። ወንፊት ላይ ጭብጥ ጥሬ ቡና አደርጋለሁ። ከሥሩ ሽቦውን እለኩሳለሁ። ጭሱ ቡናውን ከነካው በኋላ ቡናውን ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ አፍልቼ እጠጣለሁ። የትኛው ሽቦ ቡና እንደሚያበላሽ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አለ?

"አባ፣ ሽቦ በምላስ አይመረጥም" አለ ኑሩ።

"አንተ ሬዲዮ ስትጠግን በጆሮህ አይደለም የምታውቀው? እኔ የቡና ሰው ነኝ። በምላሴ ነው የማውቀው። ጠጣ!"

ጠጣ። ቀዩን ከጠጣን በኋላ ሁለታችንም ውኃ ፍለጋ ተሯሯጥን። ጥቁሩን ከጠጣን በኋላ ኑሩ ወደ ጓሮ ሄዶ ቆየ። ሊቀመንበሩ በዚህ መሀል ደረሰ። እሱ ቀዩ እንዲሆን ነበር የሚፈልገው፤ ከመፈክሩ ቀለም ጋር ይስማማል ይላል። አልተከራከርኩትም፤ የቀዩን ቡና በሲኒ ቀዳሁለት። ጎንጨት አለ። ፊቱ እንደ ጨርቅ ተጨማደደ። ግራና ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ቀዩ... ቀዩ ለሌላ ሥራ ይቆይ" አለ።

ከዚያ ጨርቅ ለበሱን ለኮስኩ። ትንሽ ነደደ፣ ትንሽ ጨሰ፣ በራሱ ጊዜ ጠፋ። ቡናውን ጠጣሁት። ይጠጣል! ዘሀራ ራሷ ቀምሳ "ከእነዚያ ይሻላል" አለች። በቃ! ተመረጠ! እኔ ዘለልኩ፤ በዚያ ዕድሜዬ ዘለልኩ።

ኑሩ ግን አልተዋጠለትም። "የጠፋው እኮ ግቢዎ ነፋስ ስለሌለው ነው፣ አባ። ዋሻው ውስጥ ነፋስ አለ።"

"ነፋስማ እሳት ያጠፋል!" አልኩት። "ኩራዝ እፍ ብለህ አታውቅም?"

ለዚህ መልስ አጣ። አሁን ሳስበው መልስ ያጣው እውነት ስለነበረኝ ሳይሆን ከየት እንደሚጀምር ቸግሮት ይመስለኛል። ኮሚቴው ድምፅ ሰጠ፤ እኔ ደገፍኩ፣ ኑሩ ተቃወመ፣ ሄራሞ በሐሳብ ተሳተፈ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ አደላ። ኑሩ እያጉረመረመ ጨርቅ ለበሱን በዋሻው ዘረጋው። ቤቱን ለሁለት የሚከፍል የመሀል ግድግዳ አለ፤ የመሠረቱ ድንጋይ ዋሻው ውስጥ ስለወጣ ሽቦውን እንዳይልጠው ከቡና ማጠቢያው የተረፈ የብረት ቧንቧ ሰክቶ በውስጡ አሳለፈው። ስልኮቹን ነገ እገጥማለሁ ብሎ ተወው።

በማግሥቱ ቀማሹ ከጅማ ማድረቂያ ቤቱን ሊያይ መጣ። ሞተሩ ተነሣ። የዘሀራ ቡና ሊሰጣ ነው። ዘሀራ ግን ቡናዋን ላሜራው ላይ አላፈሰስም አለች። መጀመሪያ የራሷን አንሶላ አነጠፈች።

"እመት፣ አንሶላው ነፋሱን ይከለክላል" አላት ቀማሹ።

"ስስ ነው፤ አይከለክልም። ቢከለክልም ቡናዬ ብረት ላይ ራቁቷን አትተኛም።" ከዚያ ቀና ብላ አየችው። "አንተ ያኔ የተፋኸው ሰውዬ አይደለህም?"

ቀማሹ ካፖርቱን ቆለፈ።

ይህን በኋላ ነው የነገሩኝ፤ እኔ በዚህ ጊዜ ውጭ ነኝ፣ ከምድጃው ቤት ብዙ በማይርቅ ቦታ፣ የዋሻው መፈተሻ ትንሽ የብረት በር ጋ። ኑሩና ሊቀመንበሩ ከእኔ ጋር አሉ። ኑሩ የሽቦውን ጫፍ ይዞ፣ "ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ኃላፊነቱን አልወስድም፤ ይህ ሽቦ ነፋስ ውስጥ እንደ ክር ነው የሚነደው" አለ። በእኔ ፊት! በሊቀመንበሩ ፊት! ደሜ ፈላ።

"እንደ ክር?" አልኩ። "እንግዲያው እይ!"

ክብሪቴን ጭሬ የሽቦውን ጫፍ ለኮስኩና ወደ ዋሻው አስገባሁት። "እዩ፣ አሁን ነፋሱ ሲያጠፋው!"

ነፋሱ አላጠፋውም። ነፋሱ እሳቱን እጁን ይዞ ወሰደው። ፍስስስስ! እሳቱ ሽቦው ላይ እንደ እንሽላሊት ሮጠ፤ ወደ አዳራሹ፣ ወደ ዘሀራ ቡና! እኔም ሳላስብ ተከትዬው ዋሻው ውስጥ ገባሁ።

ኑሩ ከኋላዬ "አባ! አባ! ማል ጎና!" እያለ ሲጮህ ይሰማኛል። ምን እናድርግ ይለኛል፤ እኔ ማድረግ ጀምሬያለሁ! በሆዴ እሳባለሁ፣ በኮፍያዬ እሳቱን እመታለሁ፤ እመታና አልደርስበትም። ጭሱ ከፊቴ ፊቴ ይበራል። ሙቅ ነፋስ ከኋላ ይገፋኛል፤ በሕይወቴ እንዲያ ፈጥኜ ተስቤ አላውቅም። ከላይ፣ ከላሜራው፣ የሰው ጩኸት ወረደ፤ "እሳት! እሳት! ቡናው!" ከሁሉም በላይ የዘሀራ ድምፅ፤ "ያ ጃርሳ ነው! እሱ ነው! ሳላየው አውቄዋለሁ!"

እንግዲህ ነገሩን አስተውሉ። ማራገቢያው መጥፋት አለበት። ማራገቢያውን የሚያጠፋው ሄራሞ ነው። ለሄራሞ ለመንገር ስልክ ያስፈልጋል። ስልኩ የለም፤ ሽቦው እየነደደ ነው! ኑሩ ዞሮ የምድጃውን ቤት በር ይደበድባል፤ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ ሞተሩ ያጓራል።

እሳቱ የመሀል ግድግዳው ጋ ደረሰ፤ ቧንቧው ውስጥ ገባ። አለቀልን አልኩ። በዚያኛው በኩል ወጥቶ ከቡናው ሥር ሊደርስ ነው። ጠበቅሁ። አልወጣም! ቧንቧው አፍ ላይ ጭስ ብቻ ትንሽ ተነነ፤ ከዚያ እሱም ቀረ። እሳቱ ቧንቧው ውስጥ ትንፋሽ አጥሮት ሞቷል። አልሀምዱሊላህ!

ግን የተቃጠለው ገና ይጨሳል፤ ነፋሱም ያንን ጭስ ወደ ላይ ይነዳዋል። መመለስ አለብኝ። ዋሻው ጠባብ ነው፣ መዞር የለም፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ተሳብኩ። ወደ ኋላ ሲሳቡ ደግሞ ዓይን የሚያየው የመጡበትን ብቻ ነው። የገባሁበትን በር አልፌው ሄድኩ። እግሬ ብረት ነካ። ረገጥኩት፣ ደጋግሜ ረገጥኩት። ለካ ምድጃው ቤት ነው፤ ሄራሞ ዋሻውን የሚጠርግባት በር ናት።

ሄራሞ በሩን ከፈተ። እናንተ ብትሆኑ የምታዩትን አስቡ፤ ከነፋስ ዋሻ ውስጥ ሁለት ጥቁር እግሮች፣ ጣቶቻቸው እየተንቀሳቀሱ፣ ጭስ እየወጣባቸው!

"በኢየሱስ ስም!" ብሎ ጮኸ፤ ዘሎም ሞተሩን አጠፋ። ማራገቢያው ቆመ። ግቢው ሁሉ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሄራሞ ድምፅ ብቻ እንደ ድምፅ ማጉያ ተሰማ፤ "በኢየሱስ ስም ውጣ! ውጣ አልኩህ!"

"ልወጣ ነው እኮ!" አልኩት። "እግሬን ጎትትልኝ!"

ጎተተኝ። ፊቴን ሲያይ ደግሞ ጮኸ። ለካ ሄራሞ በር ቀርቅሮ የሚሠራው ወዶ አይደለም። ያኔ ቤተ ክርስቲያናቸው ተዘግቷል፤ መዝሙር ጮክ ብሎ መዘመር ያስጠይቃል። እሱ ሞተሩ ሲጮህ ለብቻው እየዘመረ ነው የሚውለው፤ ምድጃውን የለመነው ለዚህ ነው። አሁን ግን ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሁሉን ሰምቷል። ሄራሞ አመድ መሰለ። ሊቀመንበሩ አየው፣ እኔን አየ፣ ከአፍንጫዬ የሚወጣውን ጥላሸት አየ። "ጓድ ሄራሞ ሞተሩን በጊዜው አጥፍቷል" አለና ዞሮ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ንግግሩ ረጅም ነው ብዬ አላማሁትም።

አዳራሹ ጋ ሮጥኩ። ቡናው ላሜራው ላይ የለም! ውጭ ስወጣ ዘሀራ፣ ሁለት ጎረቤቶቻችንና ያ ቀማሽ አንሶላውን በየማዕዘኑ ይዘው ሣሩ ላይ ቆመዋል፤ ቡናው መሀል ላይ። ጭሱ በላሜራው ብቅ ሲል ዘሀራ "ያዙ!" ብላ ጮኻለች፤ ቀማሹ ሳያስበው አንዱን ጫፍ ይዞ ሮጧል። ነጭ ካፖርቱ አመድ ለብሷል። ላሜራው ላይ አፍስሳው ቢሆን ኖሮ ማን ለቅሞ ይጨርሰው ነበር?

ዘሀራ እኔን ከእግር እስከ ራስ አየችኝ።

"በሕይወት አለህ?"

"አለሁ።"

"እንግዲያው ሄራሞ ጋ ሂድ።"

ሄድኩ። ምን አደርጋለሁ! ምሳዬን እዚያ፣ እራቴን እዚያ። ሄራሞ ቆጮውን እያካፈለኝ ይዘምራል። ዜማው አፌ ላይ ተጣብቆ አንድ ቀን መስጊድ ደጃፍ ላይ ሳንጎራጉር ኢማሙ ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔም ሳል አስመሰልኩት።

ስለ ሽቦው ስብሰባ ተጠራ፤ ሂስና ግለ ሂስ። ግለ ሂስ አድርግ አሉኝ። "አላደርግም" አልኩ። "የእኔ ሽቦ ራሱ ነው የቆመው። ቧንቧው ጋ ሲደርስ ቆመ። አይቼዋለሁ፤ ከእናንተ ማን አየ?"

ኑሩ ሊመልስልኝ ተነሣ። "ቧንቧው" አለ ቀስ ብሎ። "አባ፣ ቧንቧው ነው እኮ! ከጫፍ እስከ ጫፍ በብረት ቧንቧ ውስጥ ብናሳልፈውስ? እሳት ትንፋሽ አያገኝም፣ ጭስም ቢኖር ከቧንቧው አይወጣም። ጫፎቹን በጭቃ እንደፍናለን!"

"እኔስ ምን አልኩ?" አልኩት።

ከማጠቢያው ግቢ የተረፈ ቧንቧ ሰብስበን ቀጣጠልን። ከዚያ ደግሞ በውስጡ የትኛው ሽቦ ይለፍ በሚለው ተጣላን። ኑሩ ፕላስቲኩ ይሁን ይላል፤ ውኃ አያስገባም። እኔ ጨርቅ ለበሱ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ እላለሁ። ሊቀመንበሩ ሰልችቶት፣ "ስልኩ ስንት ሽቦ ይፈልጋል?" ብሎ ጠየቀ። ሁለት ነው፤ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መመለሻ። "እንግዲያው አንዱ የእሱ፣ አንዱ የእርስዎ" ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። እንዲሁ ሆነ። አንዱ ቀይ ፕላስቲክ፣ አንዱ ጨርቅ ለበስ። ሠራ!

የዘሀራ ቡና ያለ ጭስ ደረቀ፤ ያው አንሶላዋ ላይ። ተፈለፈለ። ቀማሹ ተመልሶ መጣ። ሰው ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። እኔ በሩ ላይ ነኝ፤ ለመግባትም ለመሮጥም እንዲመቸኝ። ሄራሞ እንኳ መምጣት ስላልቻለ ምን እንደሆነ በስልክ እንድነግረው ለምኖኛል፤ ቤቴ ካልገባሁ እሱም ቦታ እንደሚጠበው ያውቃል።

ቡናው ተቀዳ። ቀማሹ ማንኪያውን ነከረ። መጀመሪያ አሸተተ፤ ቆየ፣ ረጅም ጊዜ ቆየ። እኔ በአፍንጫው ውስጥ ያ ጭስ ሲዞር ታየኝ። ከዚያ ፍርርርጥ! ሳበው። በአፉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አንከባለለው። ወደ ቆርቆሮው ጎንበስ አለ። ዘሀራ ዓይኗን ጨፈነች። ዘሀራ ዓይኗን ስትጨፍን በዕድሜዬ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ቀማሹ ጎንበስ እንዳለ ቆመ። ቀና አለ። ጉሮሮው ላይ ያለችው አጥንት ወደ ላይ ሄደች፤ ወደ ታች ወረደች። ማንኪያውን ደግሞ ነከረ።

ዘሀራ አንዱን ዓይኗን ከፈተች፣ ከዚያ ሌላውን። አልጮኸችም፤ ወደ እኔ ዞራ፣ "ንገረው" አለችኝ ብቻ።

ወደ ስልኩ ዘልዬ እጀታውን እንደ ወፍጮ አሽከረከርኩት። አነሣው። ከነሞተሩ ጩኸት መዝሙሩ ይመጣል፤ አላቋረጠውም።

"ሄራሞ!" አልኩ። "ዋጠው! ዋጠው!"

መዝሙሩ ቆመ። ከዚያ ከጆሮዬ አልፎ አዳራሹን የሞላ ድምፅ መጣ፤ "ሃሌሉያ!"

ሰው ሁሉ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። ግድግዳውን አየ፣ ላሜራውን አየ።

"መስመሩ ጥሩ ያሰማል" አለ።

በየትኛው ሽቦ እንደሆነ አልጠየቀም። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር፤ በጨርቅ ለበሱ ነው።